የአባቴን ዲኤክስ ልሽጣት ወይስ ላሠራት? የቶዮታን ነገር የምታውቁ ግቡበት

የጦሳው_ልጅ · ቅዳሜ ማታ 2፡40

ሰላም ቤቶች። ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

አባቴ አምና ካረፈ ወዲህ ደሴ ግቢያችን ውስጥ ሸራ ለብሳ የቆመች ኮሮላ ዲኤክስ አለች። በፈረንጅ የ1982 ሞዴል፣ ኬኢ70 የሚሏት፣ ሞተሯ 4ኬ። አባቴ በ1991 ዓ.ም በ52 ሺህ ብር ነው የገዛት፤ ሊብሬዋ ላይ አራተኛው ባለቤት እሱ ነው። እኔና እህቴ ያደግነው ከኋላ ወንበሯ ላይ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ለክረምት ወደ አዲስ አበባ ስንመጣ ደብረ ሲናን አልፈን የጣርማ በርን ዳገት ስንጀምር ሁላችንም ዝም እንላለን። ዓይናችን የሙቀት መለኪያው ላይ ነው። ቀዩን ሲነካ አባቴ ዳር ይይዝና «ታኮ!» ይላል። የኔ ሥራ እሱ ነበር፤ ዘልዬ ወርጄ ከኋላ ጎማ ሥር ድንጋይ መሸጎጥ። ከዚያ ኮፈኑ ይከፈታል፣ አባቴ የራዲያተሩን ክዳን በአሮጌ ፎጣ ይዞ እየቆየ እየቆየ ያላላዋል፣ እናቴ ቢጫዋን ጀሪካን ይዛ ከኋላው ትቆማለች። እንፋሎቱ ይወጣና ከጭጋጉ ጋር ይቀላቀላል። ብቻ አንድም ቀን መንገድ ላይ አሳድራን አታውቅም።

አሁን ደላላው ደጃፋችንን ለቆ አልሄድ ብሏል። እናቴ «ቆማ ከምትዝግ ትሸጥ» ትላለች፣ እህቴ የሽያጭ ወሬ ሲነሣ ታኮርፋለች። ባለፈው ሳምንት ሄጄ ባትሪ ተበድሬ አስነሣኋት። ጠዋት ስትነሣ ሰማያዊ ጭስ ታወጣለች፣ ትንሽ ቆይቶ ይጠፋል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ሌላው ደግሞ፣ የስድስት ዓመት ልጄ «ይቺን መኪና ማን ነው የሠራት?» አለኝ። «ጃፓን» አልኩት። «ጃፓን ማን ነው?» አለኝ። መልስ አጣሁ። ዕድሜ ልኬን ቶዮታ ቶዮታ ሲባል ሰምቼ ከየት እንደመጣ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኩም።

ናፍጣ_ብቻ · ቅዳሜ ማታ 2፡51

ነፍስ ይማር። ሽጣት ግን። ትዝታ ቤንዚን አይሞላም።

መካኒክ_ከጎፋ · ቅዳሜ ማታ 4፡05

አባትህን ነፍስ ይማር፣ እናንተንም ያጽናችሁ።

አሁን ወደ ቁጣዬ ልግባ። ዓመት የቆመችን መኪና ባትሪ ተበድሮ ማስነሣት ማን አስተማረህ? ዘይቱ እኮ ሙሉ በሙሉ ወደ ታች ወርዷል፤ ፒስተኑና ሲሊንደሩ በደረቁ ነው የተፋተጉት። ሌላ ጊዜ አራቱንም ካንዴላ ፍታ፣ በየቀዳዳው ትንሽ ትንሽ የሞተር ዘይት ጣል፣ አሳድረው፣ ከዚያ ካንዴላው ሳይገባ በመፍቻ በእጅህ አዙራት። አሮጌውን ቤንዚን ሙሉውን አውጣ፤ ካርቡራተር ውስጥ ሲቆይ እንደ ሙጫ ይይዛል። የፍሬን ዘይትም ውሃ ይስባልና ይቀየር። ጎማው ጥርስ ቢኖረውም ጎኑ ከተሰነጣጠቀ ጣርማ በርን አትሞክርበት።

ስለ ጭሱ። ሰማያዊ ሆኖ ጠዋት ብቻ ታይቶ ከጠፋ ብዙ ጊዜ የቫልቭ ጎማ ነው፣ ማለትም ዘይት ወደ ታች እንዳይወርድ የሚይዘው ትንሹ ላስቲክ። ሌሊቱን ሲንጠባጠብ ያድርና ስትነሣ ይቃጠላል። ቤንዚን በሰጠሃት ቁጥር ከጨሰች ግን ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ነው፣ ያኔ ሞተር ይከፈታል። ነጭ ሆኖ ውሃ ከጎደለ የቴስታታ ጓርኒሲዮን፣ ማለትም በሞተሩ ራስ ሥር ያለው ማሸጊያ። ጥቁር ከሆነ ካርቡራተሩ ቤንዚን እያበዛ ነው፣ ከሁሉም ቀላሉ እሱ ነው። ያንተ ከከፉት ውስጥ አይደለም። ኮምፕሬሽን፣ ማለትም የየሲሊንደሩን ግፊት፣ አስለካ፤ የአራቱም ቁጥር ከተቀራረበ እንቅልፍህን ተኛ።

አንድ ነገር ግን ጠርጥሬአለሁ። ዳገት ላይ የምትሞቀው ነገር። ቴርሞስታት አላት? የሞተሩን ውሃ ሙቀት የሚቆጣጠረውን ማለቴ ነው። «ሙቀት አስቸገረኝ» ሲባል መጀመሪያ እሱን አውልቆ መጣል የብዙ ጋራዥ ልማድ ነው። ትኩሳት ሲይዝህ ቴርሞሜትሩን እንደመስበር ነው። በሽታው ብዙ ጊዜ ራዲያተሩ ውስጥ ነው ያለው፤ ዓመት ሙሉ የቧንቧ ውሃ ብቻ እየተሞላ፣ ኩላንት (የራዲያተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ሳያይ፣ ውስጡ ዝገትና ደለል ይሆናል። ቴርሞስታቱ ሲወልቅ ደግሞ ሜዳ ላይ ሞተሩ በወጉ ሳይሞቅ ይሄዳል፣ ቤንዚን ይበላል፣ ዘይቱ ቶሎ ይቆሽሻል። አባትህ ዘይት የቀየሩበትን የጻፉበት ነገር ካለ ፈልግልኝ።

የሸማኔ_ልጅ · እሑድ ጠዋት 1፡20

የመኪናውን ጥገና ለጎፋው ትቼ የልጅህን ጥያቄ ልመልስ። ሸማኔ ነው የሠራት በለው። ዋሸህ የሚልህ የለም።

ሳኪቺ ቶዮዳ እ.ኤ.አ. በ1867 የተወለደ የአናጺ ልጅ ነው። የመጀመሪያ የፈጠራ መብቱን ያገኘው በ1891 በእጅ ለሚሠራ የእንጨት የሽመና ዕቃ ነው። እኔ አባቴ ሽሮ ሜዳ ሸማኔ ነበር፤ ስለዚህ ይህን ታሪክ ሳነብ ከሌላው ሰው በተለየ ነው የምገባበት። ድር ተበጥሶ ሳይታይ ከተሸመነ ምን እንደሚከተል አውቃለሁ። አባቴ ግማሽ ቀን የሠራውን ነጠላ ምንም ሳይናገር ክር በክር ሲፈታ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። ሳኪቺ ከልጁ ከኪኢቺሮ ጋር ሆኖ በ1924 የጨረሰው «ጂ» የሚባለው ማሽን ድር ሲበጠስ ራሱ ቀጥ ይላል። ማጉ ሲያልቅ ደግሞ ሳይቆም መወርወሪያውን ራሱ ይለውጣል። አንድ ሠራተኛ ብዙ ማሽን መጠበቅ የቻለው በዚህ ነው። ዛሬ ቶዮታ የመኪና ፋብሪካ ውስጥ ሠራተኛው ስሕተት ሲያይ ገመድ የሚስበውና መስመሩን የሚያስቆመው ነገር ምንጩ እዚያ ነው፤ የተበጠሰ ድር ላይ አትሸምን ነው ነገሩ።

በ1929 ፕላት የሚባለው የእንግሊዝ የሽመና ማሽን ኩባንያ የዚያን ማሽን መብት በ100 ሺህ ፓውንድ ገዛ። ሳኪቺ በዓመቱ ሞተ። ወደ መኪና የዞረው ልጁ ኪኢቺሮ ነው። በ1933 በአባቱ የሽመና ማሽን ፋብሪካ ውስጥ የመኪና ክፍል አስከፈተ፣ የሼቭሮሌ ሞተር ፈታትቶ ተማረበት። የመጀመሪያው የጭነት መኪናቸው ጂ1 በ1935 ለዕይታ ወደ ቶክዮ ሲነዳ መንገድ ላይ የመሪው ክፍል ተሰበረ። ጠግነው አደረሱት። ከተሸጠም በኋላ እየተበላሸ መከራ አበላቸው፤ ደንበኛው ያለበት ድረስ እየሄዱ ይጠግኑ ነበር። ስለዚህ የጦሳው ልጅ፣ ኮፈን ከፍቶ መንገድ ዳር የቆመው አባትህ ብቻ አልነበረም።

ስሙን በተመለከተ፣ ቤተሰቡ «ቶዮዳ» ነው። በ1936 ለምልክት የሕዝብ ውድድር ወጥቶ «ቶዮታ» ተመረጠ። በጃፓን ፊደል ሲጻፍ 8 ጭረት ነው የሚሆነው፣ 8 ደግሞ እነሱ ዘንድ ገድ ያለው ቁጥር ነው። ኩባንያው ራሱን ችሎ የቆመው በ1937 ነው።

ሳሪስ_አቦ · እሑድ ጠዋት 2፡02

ሃሃሃ ቶዮታ የሽሮ ሜዳ ዘመድ ነው በለኛ። በጥምቀት ጋቢ ይልበስ እንግዲህ።

ጋሽ_መሪ · እሑድ ጠዋት 4፡30

ልጆቼ ሰላም ናችሁ? ዕድሜ ገፍቷል፣ ፊደል ብስት እለፉኝ። በ77ቱ ድርቅ ወሎ ውስጥ ለአንድ የእርዳታ ድርጅት ላንድክሩዘር እነዳ ነበር፣ 40 የሚባለውን። ባሌስትራው ደረቅ ነው፣ ማታ ስትወርድ ወገብህ የአንተ አይደለም። ከኮረም ወዲያ መንገድ የሚባል ነገር በሌለበት አገር ግን እሱ ነው ያደረሰን። አንድ ማታ ከልክ በላይ ስንዴ ጭኜ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ አንደኛውን ባሌስትራ ሰበርኩት። ከረዳቴ ጋር የባሕር ዛፍ እንጨት ቆርጠን ከሥሩ ደግፈን በጠፍር ጠፍረን በመጀመሪያ ማርሽ እየተጎተትን ሌሊቱን ስንሄድ አደርን። ሰው እየጠበቀ ስለነበር መቆም አይቻልም ነበር። ስለዚያ ዘመን ከዚህ በላይ መጻፍ አልፈልግም።

እውነት ለመናገር ግን ላንድክሩዘርን ቶዮታ ከአሜሪካ ጂፕ ነው የቀዳው። አይደለም እንዴ የሸማኔ ልጅ?

የሸማኔ_ልጅ · እሑድ ቀን 6፡15

ጋሼ፣ እጅ እነሣለሁ። ግማሹ ልክ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1950 ቶዮታ ሊወድቅ አፋፍ ላይ ነበር። መኪናው አልሸጥ ብሎ፣ ሠራተኛ ተቀንሶ፣ አድማ ተመትቶ፣ ኪኢቺሮ ኃላፊነቱን ወስዶ ከፕሬዚዳንትነቱ ለቀቀ። በዚያው ወር የኮሪያ ጦርነት ፈነዳ፤ የኛ ቃኘው ሻለቃ በኋላ የዘመተበት ጦርነት ማለት ነው። የአሜሪካ ጦር በቅርብ ካለ ፋብሪካ የጭነት መኪና ፈለገ፣ ትእዛዙም ጎረፈ። ቶዮታን ያተረፈው ይሄ ነው፤ ጥራት ምናምን የምንለው ገና አልመጣም። ኪኢቺሮ ግን ይህን በደንብ ሳያይ በ1952 አረፈ።

ላንድክሩዘሩም የተወለደው በዚያ ሰሞን ነው። በ1951 ቢጄ የሚባለውን ሠሩ። መልኩ የጂፕ ነው፣ አይካድም፤ ሞተሩ ግን የራሳቸው የጭነት መኪና ሞተር ነው፣ 3.4 ሊትር፣ ከጂፑ የሚበልጥ። በዚያው ዓመት የፉጂን ተራራ እስከ ስድስተኛው ጣቢያ አወጡት፣ ያንን ያዩ ፖሊሶችም ገዢ ሆኑ። «ጂፕ» የሌላ ሰው የንግድ ስም ስለሆነ በ1954 ላንድክሩዘር አሉት።

ቪትዟ · እሑድ ማታ 1፡10

ወንዶቹ ላንድክሩዘርና ጦርነት ስታወሩ እኔም የደሃዋን ቶዮታ ላንሣ። የ2002 ቪትዝ፣ 1000 ሲሲ፣ ሰባት ዓመት ነዳኋት። ሁለት ልጅ፣ አማቴንና አንድ ኩንታል ጤፍ በአንዴ ጭናልኝ ታውቃለች። ፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ ሆዷ ሲፋቅ የሚሰማው ድምፅ ግን አሁንም ጥርሴን ያንቀጫቅጨዋል።

ስገዛት 68 ሺህ ኪሎ ሜትር ነው የምትለው። የሸጠልኝ ሰውዬ «ዶክተር ነው የነዳት» ብሎ ማለልኝ። ጋራዥ ስወስዳት ልጁ መለኪያውን እንኳ አላየም፤ ጎንበስ ብሎ የፍሬን ፔዳሉን ላስቲክ ዳሰሰና ሳቀ። ልሙጥ ሆኖ አልቋል ለካ። «እህቴ፣ በ68 ሺህ ይሄ አይልም፣ ዶክተሩ ሁሉንም በሽተኛ ቤቱ ድረስ ነው ያመላለሰው» አለኝ።

ሌላው፣ መሪዋ የተቀየረ ናት። ፍሬቻው በቀኝ እጅ ነው። የሰው መኪና ስነዳ እስካሁን ልታጠፍ ስል ዝናብ መጥረጊያውን ነው የማበራው። ትራፊክ ፖሊስ በጠራራ ፀሐይ ምን እየጠረግሽ ነው ብሎኛል።

ከሻርጃ · እሑድ ማታ 3፡33

ቪትዟ አሳቅሽኝ። ከጃፓን ያገለገለ መኪና በቀኝ መሪ ነው የሚመጣው፤ እዚህ ሻርጃና ዱባይ ውስጥ መሪውን ወደ ግራ የሚቀይሩ ወርክሾፖች አሉ። ንጹሕ የሚሠራም አለ፣ የሚያጣብቅም አለ። ሊገዛ የሚሄድ ሰው ዳሽቦርዱን በጣቱ ይጫነው፤ ከተንቋቋ ፈትተው በግድ ነው የመለሱት። ከፔዳሉ በላይ በባትሪ መብራት አጎንብሶ ይይ፣ ተቆርጦ በፕላስተር የተቀጠለ ሽቦ ካለ ወደ ቤቱ ይመለስ። ከሁሉም በላይ የመሪው ዘንግ ግድግዳውን የሚያልፍበት ቀዳዳ ዙሪያ የብየዳ ጠባሳ አለ ወይ? እሱ ላይ ቀልድ የለም።

ዲሲ_ማታ · ሰኞ ጠዋት 12፡48

እኔ ዲሲ ታክሲ ነው የምሠራው፣ በቤንዚንም በኤሌክትሪክም በምትሄደው ድቅል ቶዮታ፣ ፕሪየስ። 290 ሺህ ማይል ሄዳለች። ፍሬን ሸራ እንደሷ የሚቆይበት አላየሁም፤ እግርህን ስታነሣ የኤሌክትሪክ ሞተሩ ራሱ እየያዘ ባትሪውን ይሞላል፣ ሸራው ብዙም አይነካም። የከፋኝ አንድ ቀን ብቻ ነው። ሌሊት ቤቴ ፊት ለፊት አቁሜ ጠዋት ቁልፍ ስሰጣት እንደ ታንክ ጮኸች። ሌባ ከሥር ገብቶ ካታሊቲክ ኮንቨርተሯን፣ የጭስ ማጣሪያዋን፣ በመጋዝ ቆርጦ ሄዷል። ውስጡ ውድ ማዕድን ስላለ ነው፤ የድቅል መኪናው ደግሞ የቤንዚን ሞተሩ ብዙ ስለማይሠራ ብዙም አያልቅም፣ ሌቦቹ ያውቃሉ።

ግን አታምልኩ። እ.ኤ.አ. በ2009 እና 2010 በቤንዚን ፔዳልና በወለል ምንጣፍ ምክንያት ቶዮታ በሚሊዮን የሚቆጠር መኪና ለጥገና መልሶ ጠርቷል። አኪዮ ቶዮዳ፣ የሳኪቺ የልጅ ልጅ ልጅ፣ በፌብሩዋሪ 2010 እዚህ ኮንግረስ ፊት ቀርቦ ይቅርታ ጠየቀ። በ2014 ደግሞ ደንበኛን በማሳሳቱ 1.2 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ድር ሲበጠስ ይቆማል ያልከው ማሽን ያኔ አልቆመም ወንድሜ።

የሸማኔ_ልጅ · ሰኞ ጠዋት 2፡05

ዲሲ፣ ተቀብያለሁ። እኔም ብሆን አባቴ የተበጠሰ ድር አይቶ እንዳላየ ያለፈበትን ቀን አውቃለሁ፤ የገና በዓል ሲደርስ ነበር።

ቻርጅ_አድርጌ · ሰኞ ቀን 5፡20

ይቅርታ አድርጉልኝና እኛ አገር ቶዮታ መኪና አይደለም፣ የቁጠባ ደብተር ነው። 20 ዓመት የሞላት ቪትዝ ከተገዛችበት በላይ የምትሸጥበት አገር የት አለ? ጥራቷ አይደለም፤ ቀረጡ ነው፣ የዶላር እጥረቱ ነው፣ ደላላው ነው። በጥር 2016 ዓ.ም መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ካለ ወዲህ ደግሞ ያለው ሁሉ ወርቅ ሆነ። እኔ የኤሌክትሪኳን ገዛሁ፣ ማታ ቤቴ እሰካታለሁ፣ ጠዋት እወጣለሁ። ማደያ ሰልፍ ላይ የምታሳልፉትን ሰዓት እኔ እተኛበታለሁ።

መካኒክ_ከጎፋ · ሰኞ ቀን 7፡45

እንኳን ደስ ያለህ። ከልቤ ነው። ብቻ ስፖኪዮ ሲሰበርብህ ስንት ወር እንደምትጠብቅ ንገረን። የዲኤክስን ዕቃ ሶማሌ ተራ ሄደህ ስሙን ሳታውቅ በእጅህ ቅርጹን ብታሳይ ያወጡልሃል። አንድ ጊዜ ተማሪ ሳለሁ የውሃ ፓምፕ ልገዛ ሄጄ ሻጩ «የማን ናት? የቀይዋ?» አለኝ። መኪናዋን በዓይኑ አይቷት አያውቅም፤ በዕቃዋ ነው የሚያውቃት። ጥራትም በለው ቀረጥ፣ ይሄ በአንድ ዓመት አይገነባም።

ቻርጅ_አድርጌ · ሰኞ ቀን 7፡52

ስፖኪዮው ሦስት ወር ከአሥር ቀን። ተሸነፍኩ።

አራት_ዘውድ · ሰኞ ማታ 2፡30

ክሩ ስለ ኮሮላ ተከፍቶ ስለ ኮሮላ ማንም አላወራ። ላውራ።

ቶዮታ የዘውድ ሱስ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1955 ክራውን ብሎ ጀመረ፣ ዘውድ ማለት ነው። ኮሮና፣ ያው ዘውድ። ኮሮላ በላቲን ትንሽ ዘውድ። ካምሪ ደግሞ በጃፓንኛ ዘውድ ከሚለው ቃል የመጣ ነው። የጦሳው ልጅ አባት ደሴ ላይ ዘውድ ደፍተው ነበር የሚሄዱት።

ኮሮላ የወጣችው በ1966 ነው። ኒሳን በዚያው ዓመት ሳኒን በ1000 ሲሲ አወጣ። ቶዮታዎቹ ሞተራቸውን 1077 ሲሲ አድርገው «የ100 ሲሲ ብልጫ» ብለው ማስታወቂያ ሠሩበት። ጎረቤት ከጎረቤት የሚፎካከርበት ዘመን ነበርና ሠራላቸው። ዋና መሐንዲሱ ታትሱኦ ሃሴጋዋ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አውሮፕላን ይነድፍ የነበረ ሰው ነው። ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ መኪና በሁሉም ነገር 80 ነጥብ ያግኝ፣ በአንዳንዱ ግን ከ90 ይለፍ፣ ካልሆነ ሰው አይወደውም። በ1997 ኮሮላ የቮልስዋገንን ቢትል አልፋ በዓለም በብዛት የተሸጠች መኪና ሆነች። ዲኤክስን ከነዳ ሰው ብትጠይቁ 80 ነጥቡ በትክክል ይገባችኋል፤ ምኗም አያስደንቅም፣ ምኗም አያናድድም።

ኬኢ70 በ1979 ከመጣው ትውልድ ናት። ባለ አራት በሯ ኮሮላ በኋላ ጎማ የምትገፋበት የመጨረሻው ትውልድ እሱ ነው፤ በ1983 የመጣችው ተተኪዋ በፊት ጎማ መጎተት ጀመረች። ሞተሯ 4ኬ 1290 ሲሲ ሆኖ በሰንሰለት ነው የሚሠራው፣ የሚበጠስ ቀበቶ የለውም። «ዲኤክስ» ደግሞ ዴሉክስ ማለት ነው፣ የቅንጦት። መስኮቷን በእጅ እያዞርን።

ሳሪስ_አቦ · ሰኞ ማታ 2፡41

ዴሉክስ!! አጎቴ ይህን ሳያውቅ 15 ዓመት በቅንጦት ኖረ።

የጦሳው_ልጅ · ከ27 ቀን በኋላ፣ እሑድ ማታ 1፡15

ቤቶች ተመልሻለሁ። አልሸጥኳትም። ደላላው ስልኬን አያነሣም፣ እህቴ እንደገና ታናግረኛለች።

ኮምፕሬሽን ተለካ፣ አራቱም 140ዎቹ ውስጥ ናቸው። የቫልቭ ጎማው ተቀየረ፣ የጠዋቱ ጭስ ቆመ። ጎፋው ደብተር ፈልግ ባልከኝ መሠረት ከዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ የአባቴን አገኘሁ፤ የሂሳብ ሠራተኛ ስለነበር ዘይት የቀየረበትን ኪሎ ሜትር፣ የሊትሩን ዋጋ፣ የካንዴላውን ሁሉ በዓምድ በዓምድ ከፋፍሎ ጽፎታል። አንዱ መስመር እንዲህ ይላል፦ «ሚያዝያ 1996፣ ቴርሞስታት በመካኒክ ምክር ወልቋል፣ 30 ብር»። አውልቆ ጥሎ አስከፈለው ማለት ነው! የቴርሞስታቱን ቤት ስናስከፍተው ባዶ ነው፣ ያልከው አልቀረም።

ራዲያተሩ ሲታጠብ ልጄን ወስጄው ነበር። የወጣው ውሃ ሳይሆን እንደ ተልባ የወፈረ ቡናማ ጭቃ ነው። ልጁ አፉን ከፍቶ ቆይቶ «ሸማኔው ነው ያቆሸሻት?» አለ። አይደለም፣ እኛ ነን አልኩት።

በሚመጣው ወር ከደሴ አመጣታለሁ። ጎፋው፣ የመጨረሻ ጥያቄ፦ ቴርሞስታት ሶማሌ ተራ 82 እና 88 ዲግሪ የሚል አሳዩኝ። የቱን ልያዝ?

መካኒክ_ከጎፋ · እሑድ ማታ 1፡22

82። ጓርኒሲዮኑን አብረህ ግዛ፣ አሮጌውን መልሰህ አትጠቀም። የሚገጠምበትን ፊት በደንብ ሳትፍቅ አትግጠመው። ኩላንቱን ከተጣራ ውሃ ጋር ግማሽ በግማሽ ቀላቅል። የራዲያተሩን ክዳንም አዲስ አድርገው፣ ስፕሪንጉ ከላላ ሁሉም ልፋት ከንቱ ነው።

ታኮውን ግን ከኋላ ኪሷ አታውጣ።